ዳፍንትና የሕፃናት ሞት፦ የዶክተር አልፍሬድ ሶመር የምርምር ሥራ

የዓይን ሕክምና ሲባል በብዙዎቻችን ፊት ድቅን የሚለው ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ነው። በትንሽ ባትሪ የበሽተኛውን ዓይን ያያል፣ ፊደል ያስነብባል፣ መነጽር ያዛል፣ ከፍ ሲልም ሞራ ይገፍፋል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሙያውም የተከበረ ነው። ነገር ግን ከዚሁ ጎን ብዙ የማይወራለት ሌላ ዘርፍ አለ። የዚህ ዘርፍ ባለሙያ በሽተኛው ወደ እርሱ እስኪመጣ አይጠብቅም። መንደር ለመንደር ይዞራል፣ ሕፃናት ይቆጥራል፣ እናቶችን ይጠይቃል፣ የጻፈውን ይደምራል፣ ይቀንሳል። የሚያሳስበውም የጠፋውን ዓይን ማብራት ሳይሆን ያልጠፋው እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።

ውድ አንባብያን! ዛሬ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የማቀርብላችሁ በዚህ ዘርፍ ስማቸው ጎልቶ የሚጠራውን የአሜሪካዊውን የዶክተር አልፍሬድ ሶመርን የሥራ ታሪክ ነው። «ስንት ተመራማሪ እያለ ለምን እርሳቸው?» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። እኚህ ሰው የተነሡት የሕፃናትን ዓይን ሊያጠኑ ነበር፤ ያገኙት ግን የሕፃናትን ሞት ነው። ሁለተኛም ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ነገ ተመድበን በምንሄድባቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ዙሪያ የምናገኘው ጉዳይ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።)

ወደ ሰውየው ከመግባታችን በፊት ግን ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ቀን ደህና አድርጎ የሚያይ ሰው ፀሐይ ጠልቃ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ማየት ከተሳነው ዳፍንት ያዘው እንላለን። ሕፃን ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይታወቃል። እኩዮቹ አመሻሽ ላይ ሲሯሯጡ እርሱ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጣል። ቤት ሲገባ በርጩማው ያደናቅፈዋል። የቀረበለትን እንጀራ በእጁ እየዳሰሰ ይፈልጋል። የማያውቅ ሰው «ይህ ልጅ ፈዛዛ ነው» ይለዋል እንጂ ታሟል አይልም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በዓይናችን ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ሬቲና የሚባል ብርሃን ተቀባይ ክፍል አለ። እዚያ ካሉት ሴሎች ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ለማየት የሚያገለግሉት ዘንግ መሰሎቹ ሲሆኑ፣ እነርሱም ሮዶፕሲን የሚባል ቀለም ይፈልጋሉ። ሮዶፕሲን ደግሞ ያለ ቪታሚን ኤ አይሠራም። ስለዚህ ቪታሚኑ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጠፋው የማታ ማየት ነው። እጥረቱ ሲብስ የዓይንን ነጭ ክፍል የሚሸፍነው ስስ ቆዳ እርጥበቱን አጥቶ ይደርቃል፤ በጎኑም የሳሙና አረፋ የመሰለ ነጭ ነገር ይወጣል። ይህን ምልክት ፈረንሳዊው ሐኪም ፒየር ቢቶ በ1863 ስለ ገለጸው የቢቶ ነጥብ ይባላል። በመጨረሻም በሽታው ኮርኒያን፣ ማለትም ከፊት ለፊት እንደ መስተዋት የጠራውን የዓይን ክፍል ያገኛል። ያን ጊዜ ኮርኒያው በቀናት ውስጥ፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ እንደ ሰም ይቀልጣል። ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም።

እንግዲህ ወደ ዶክተር ሶመር እንምጣ። የተወለዱት በ1942 በኒውዮርክ ከተማ ሲሆን፣ በ1967 ከሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በዶክተርነት ተመረቁ። ከዚያም በአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል ሥር ወረርሽኝ እንዲከታተሉ ከሚሰማሩት ወጣት ሐኪሞች አንዱ ሆነው በ1970 በጊዜው ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል ወደነበረችው፣ በኋላ ባንግላዴሽ ወደተባለችው አገር፣ ዳካ ከተማ ሄዱ። ሥራቸው በኮሌራ ምርምር ጣቢያ ነበር።

እዚያ ብዙም ሳይቆዩ፣ በኅዳር 1970፣ በታሪክ ከታዩት አውሎ ነፋሶች ሁሉ ብዙ ሰው የጨረሰው የቦላ አውሎ ነፋስ ባሕሩን ገፍቶ በዳርቻው ሕዝብ ላይ አፈሰሰው። ዕርዳታው ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር፤ ነገር ግን ማን ምን እንደሚያስፈልገው በውል የሚያውቅ አልነበረም። ዶክተር ሶመርና ባልደረባቸው ዶክተር ሞስሊ ያደረጉት ቀላል ነገር ነው፤ ቆጠሩ። መንደሮችን በናሙና መርጠው፣ በየቤቱ ስንት ሰው እንደነበረና ስንት እንደ ቀረ ጠየቁ። ከዚህም ተነሥተው የሞተው ሰው ቢያንስ 224,000 እንደሚሆን ገመቱ። ከሞቱት አብዛኞቹ ሕፃናት፣ አረጋውያንና ሴቶች ነበሩ። የተረፉት ወንዶች ደግሞ ደረታቸውና የክንዳቸው የውስጥ ጎን ተልጦ ተገኘ። ለምን ቢባል ሌሊቱን ሙሉ የዘንባባ ዛፍ አቅፈው ስላደሩ ነው። ዛፍ አቅፎ ለማደር ጉልበት ያጣው ሄደ ማለት ነው። ይህ ጥናት በ1972 «ላንሴት» በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ታተመ። በዚያው ዓመት ባንግላዴሽ ውስጥ የፈንጣጣ ወረርሽኝ ላይም ሠርተዋል።

ይህ ከዓይን ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ዋናው ትምህርት ቤታቸው ይህ ነው። የጎደለውን ሰው መቁጠር የተማሩት እዚያ ነው። ሆስፒታል የሚመጣው በሽተኛ የቀረው ነው፤ ያልመጣውን የሚያውቀው ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ብቻ ነው።

ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1973 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በወረርሽኝ ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ ያዙ፤ ቀጥለውም እዚያው ባለው የዊልመር የዓይን ሕክምና ተቋም እስከ 1976 ድረስ የዓይን ሕክምና ተማሩ። ሁለቱን ሙያዎች አንድ ላይ የያዘ ሰው በዘመኑ ጥቂት ነበር። የወረርሽኝ አጥኚው የሚያስበው ስለ ብዙ ሺህ ሰው ነው፤ የዓይን ሐኪሙ ደግሞ ጣት ስለምታህል አንድ ቦታ። ዶክተር ሶመር ገና በትምህርት ላይ እያሉ በኤል ሳልቫዶርና በሃይቲ በቪታሚን ኤ እጥረት ስለሚመጣው የዓይን መድረቅ ጥናት ጀምረው ነበር። በ1976 ግን ቤተ ሰባቸውን ይዘው ወደ ኢንዶኔዢያ፣ ባንዱንግ ወደምትባል ከተማ ሄደው ለሦስት ዓመት ተቀመጡ። ሥራው የኢንዶኔዢያ መንግሥትና ሔለን ኬለር ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት በጋራ የሚያካሂዱት ነበር።

ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ የትኞቹ ሕፃናት ናቸው ዓይናቸው የሚደርቀው? ለምንስ? ይህን ለማወቅ በገጠር መንደሮች ከ6 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መዝግበው በየሦስት ወሩ እየተመለሱ ለ18 ወራት አዩአቸው። በእያንዳንዱ ዙር በአማካይ 3,481 ሕፃናት ተመርምረዋል። እስቲ አስቡት፤ ያንኑ መንደር ስድስት ጊዜ መመላለስ፣ ያንኑ ልጅ መፈለግ፣ እያለቀሰ የዓይኑን ሽፋን መግለጥ!

ከዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ላንሣ። የቢቶ ነጥብ በዓይን ይታያል። ዳፍንት ግን አይታይም፤ የሦስት ዓመት ሕፃን ደግሞ «ማታ አይታየኝም» ብሎ ለሐኪም አያስረዳም። ታዲያ እንዴት ታወቀ? እናቶች ተጠየቁ። በኢንዶኔዢያ ዳፍንት ቡታ አያም ይባላል፤ የዶሮ ዕውርነት ማለት ነው። ዶሮ ከመሸ አታይምና ሕዝቡ ስሙን ከእርሷ ወሰደ። እንዲህ ያለ የታወቀ ስም ባለበት አገር የእናት ምስክርነት በደም ምርመራ ሲረጋገጥ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ዳፍንት አለበት የተባለው ሕፃን በእርግጥም በደሙ ውስጥ ያለው ቪታሚን ኤ ዝቅ ያለ ነበር። እኛም ዳፍንት የሚል ቃል አለን። አንድ ሕዝብ ለአንድ በሽታ ስም ካወጣለት፣ በሽታው በመካከሉ ብዙ ዘመን ኖሯል ማለት ነው፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ ለሐኪም እንደ መሣሪያ ያገለግላል። የቋንቋ መምህሮቻችን ይህን ቢሰሙ ደስ ሳይላቸው አይቀርም።

ዶክተር ሶመር የሰበሰቡትን መረጃ ይዘው ወደ አሜሪካ ተመለሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1982፣ ሰንጠረዦቹን ሲመረምሩ አንድ ያልጠበቁት ነገር አዩ። በመጀመሪያው ዙር ዳፍንት ወይም የቢቶ ነጥብ ከነበረባቸው ሕፃናት ብዙዎቹ በቀጣዮቹ ዙሮች የሉም። የት ሄዱ? ሞተዋል። ቀላል የዓይን ምልክት ብቻ የነበረባቸው ሕፃናት የሞት መጠን ምንም ምልክት ከሌለባቸው በአማካይ 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ በአንዳንድ የዕድሜ ክልል ደግሞ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይደርሳል። ዳፍንት ብቻ ካለበት የቢቶ ነጥብ ያለበት፣ ከእርሱም ሁለቱም ያሉበት ይበልጥ ይሞታል። ልዩነቱ ሕፃናቱ ከመክሳታቸው የመጣ ብቻም አልነበረም፤ የሰውነት ክብደታቸው ግምት ውስጥ ገብቶም አልጠፋም። ገዳዮቹ ተቅማጥና የመተንፈሻ አካል በሽታ ነበሩ። ይህም በ1983 በላንሴት ታተመ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የዓይንን ገጽ የሚሸፍኑት ዓይነት ሴሎች የመተንፈሻ ቧንቧንም፣ አንጀትንም ከውስጥ ይሸፍናሉ። እነዚህ ሴሎች ርጥብና ልስልስ ሆነው የሚቆዩት በቪታሚን ኤ ነው። ዓይን ላይ የሚታየው ድርቀት እንግዲህ በሳምባም በአንጀትም ውስጥ አለ፤ ልዩነቱ ዓይን ከውጭ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ ቪታሚኑ ሰውነት ከተዋሕስያን ጋር ለሚያደርገው መከላከል ያስፈልጋል። በር የሌለው፣ ዘበኛም የሌለው ቤት ሆነ ማለት አይደል?

ይህ ግኝት አንድ የቆየ እንቆቅልሽም ፈታ። በዚህ በሽታ የሚታወሩት ሕፃናት ብዙ ናቸው ከተባለ፣ በኋላ አድገው ለምን በብዛት አይገኙም? የዓለም የጤና ድርጅት ለረጅም ዓመታት ሲጠቀስ የቆየ ግምት በዓመት ከ250,000 እስከ 500,000 ሕፃናት በቪታሚን ኤ እጥረት እንደሚታወሩ፣ ከእነርሱም ግማሾቹ በ12 ወራት ውስጥ እንደሚሞቱ ይናገራል። ዕውር ልጅ ያልበዛው ስላልታወረ ሳይሆን ስላልኖረ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ ጠንቃቃ ሰው ሊከራከር ይችላል። «ዳፍንት ያለባቸው ልጆች ድኾች ናቸው፤ ቤታቸው ቆሻሻ፣ ውሃቸው የተበከለ ነው፤ የገደላቸው ድኽነት ነው እንጂ የቪታሚን እጥረት አይደለም» ቢልስ? ክርክሩ ትክክል ነው። ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አይባልም። ይህን ለመለየት ያለው መንገድ ሙከራ ነው። ለዚህም በሰሜን ሱማትራ፣ አቼ በተባለው ክፍለ ሀገር 450 መንደሮች ተመረጡ። በዕጣ 229ኙ ቪታሚን ኤ እንዲያገኙ፣ 221ዱ ደግሞ ለአንድ ዓመት እንዲጠብቁ ሆነ። በመንደሮቹ ውስጥ 25,939 ሕፃናት ተመዝግበዋል። የመንደሩ በጎ ፈቃደኞች ዕድሜያቸው ከአንድ ዓመት በላይ ለሆኑት በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ አንዳንድ እንክብል ሰጡ። ይኸው ነው፤ ሌላ የተደረገ ነገር የለም።

ውጤቱ በ1986 ታተመ። ቪታሚኑን ባላገኙት መንደሮች ከ10,231 ሕፃናት 75 ሞቱ፤ ባገኙት መንደሮች ከ10,919 ሕፃናት 53 ሞቱ። ከሺህ 7.3 እና 4.9 ማለት ነው። ከዚህ ላይ ጽሑፎቹን የሚያነብ ሰው ግራ የሚጋባበት ቦታ አለ፤ አንዱ ጽሑፍ «49 በመቶ» ይላል፣ ሌላው «አንድ ሦስተኛ ያህል» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው! ልዩነቱ 2.4 ነው። ይህን በ4.9 ስናካፍለው ቪታሚን ያላገኙት ምን ያህል በልጠው እንደ ሞቱ እናገኛለን፤ 49 በመቶ ይሆናል። በ7.3 ስናካፍለው ደግሞ ሞቱ ምን ያህል እንደ ቀነሰ እናገኛለን፤ ወደ 33 በመቶ ነው። ስለ መቶኛ ስናስተምር «ከምን ላይ?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። ከመጽሐፍ የበግና የሽያጭ ምሳሌ ይልቅ ይህ ለክፍል የሚሻል ይመስለኛል።

የሕክምናው ዓለም ታዲያ ይህን በደስታ ተቀበለ? በፍጹም። ሁለት ሳንቲም የማይሞላ ዋጋ ያለው እንክብል የሕፃናትን ሞት በሲሶ ይቀንሳል መባሉ ለብዙዎች ተረት መሰለ። ከትችቱ ውስጥ መሠረት ያለውም ነበረበት፤ በአቼ ላልተሰጣቸው መንደሮች መልኩ አንድ ዓይነት የሆነ ባዶ እንክብል አልተሰጠምና። ደግሞም የዓይን ሐኪም ስለ ተቅማጥና ስለ ሳምባ ምች ምን አገባው የሚል ስሜት ነበር።

የሚያስገርመው ግን ነገሩ ሙሉ በሙሉ አዲስ አለመሆኑ ነው። ጉበት ለዓይን መድኃኒት መሆኑ በጥንታውያን ግብፃውያን ጽሑፍ ሳይቀር ይገኛል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ቅቤዋን ለውጭ ገበያ እየሸጠች የድኻ ልጆች ቅባቱ የወጣለት ወተት ይጠጡ ነበር፤ ካርል ብሎክ የተባለ የኮፐንሃገን የሕፃናት ሐኪምም ዓይናቸው እየቀለጠ የሚመጡ፣ በተላላፊ በሽታም የሚሞቱ ሕፃናት ብዛት አስደነገጠው። በ1917 መጨረሻ ቅቤው በራሽን ለሕዝቡ መታደል ሲጀምር በሽታው ጠፋ። በ1932 ደግሞ ዶክተር ኤሊሰን በለንደን ኩፍኝ ከያዛቸው 600 ሕፃናት ለ300ው በቪታሚን ኤ የበለጸገ ዘይት ሰጥቶ ነበር። ካገኙት 11፣ ካላገኙት 26 ሞቱ። ከዚያ በኋላ የመድኃኒት ዘመን መጣ፣ ፔኒሲሊን መጣ፤ የኤሊሰን ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሃምሳ ዓመት! አንድ ግኝት መገኘቱ ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

ዶክተር ሶመር ተከራካሪዎቻቸውን በንግግር ለማሳመን ከመድከም ይልቅ «እናንተው ሞክሩት» አሉ ማለት ይቻላል። በታንዛኒያ ኩፍኝ ይዞአቸው ሆስፒታል ከገቡ ሕፃናት ቪታሚን ካገኙት 88 ውስጥ 6፣ ካላገኙት 92 ውስጥ 12 ሞቱ (1987)። በደቡብ ሕንድ ታሚል ናዱ በየሳምንቱ አነስተኛ መጠን ሲሰጥ ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ (1990)። በኔፓል ሳርላሂ አውራጃ 30 በመቶ (1991)፣ በጋና 19 በመቶ (1993) ቀነሰ። በሌላ በኩል በሕንድ ሐይደራባድና በሱዳን በተደረጉት ሙከራዎች ምንም ልዩነት አልታየም። ይህንንም መደበቅ አይገባም። በ1993 ሙከራዎቹ ሁሉ በአንድ ላይ ሲታሰቡ የሕፃናት ሞት በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተደረሰበት፤ ከዚያ ወዲያ እንክብሉ በብዙ አገሮች የጤና መርሐ ግብር ውስጥ ገባ።

አንድ ብዙ የማይነገርላቸው ሥራ አለ። ዓይኑ የሚቀልጥ ሕፃን ሲገኝ ይመከር የነበረው ሕክምና መርፌ ነበር። መርፌ ደግሞ የተማረ ሰው፣ የተቀቀለ ሲሪንጅ፣ ጤና ጣቢያ ይፈልጋል። ዶክተር ሶመር ኢንዶኔዢያ ሳሉ በአፍ የሚሰጠው የዘይት ጠብታ ከመርፌው እኩል እንደሚሠራ አሳዩ (1980)። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ፤ እንክብሉን የመንደር ሰው በመቀስ ቆርጦ በሕፃን አፍ ውስጥ ሊያንጠባጥበው የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

የቀረውን የሥራ ዘመናቸውን ባጭሩ ልናገር። በ1980 በጆንስ ሆፕኪንስ የመከላከል የዓይን ሕክምና ማዕከል መሥርተው መሩ፤ በኋላ ዴና ማዕከል ተብሏል። እዚያም በባልቲሞር ከተማ በተደረገ የዓይን ጥናት ግላኮማ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከነጮቹ ወደ አራት እጥፍ እንደሚበዛ ታወቀ። ከ1990 እስከ 2005 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ዲን ነበሩ። በ1997 በሕክምና ምርምር እጅግ ከሚከበሩት ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የላስከር ሽልማት ተቀበሉ። ሹመቱና ሽልማቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ አገራችን። በ1991 በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት የሆኑ 6,636 ሕፃናት ተመርምረው 1 በመቶው ላይ የቢቶ ነጥብ ተገኝቷል። የዓለም የጤና ድርጅት ከ0.5 በመቶ በላይ ከሆነ የሕዝብ ጤና ችግር ነው ስለሚል እጥፍ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ግን አከፋፈሉ ነው፦ በከብት አርቢዎች ዘንድ 1.6፣ እህል በሚዘራበት 1.1፣ እንደ ቡና ያለ የገበያ ሰብል በሚመረትበት 0.4፣ እንሰት በሚበላበት አካባቢ ዜሮ! እንሰት ራሱ በቪታሚን ኤ የታወቀ አይደለም። ከቆጮው ጎን የማይጠፋው ጎመን ይሆን? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ከጉራጌና ከሲዳማ አካባቢ የመጣችሁ ባልደረቦቻችን ብታርሙኝ ደስ ይለኛል።

ዛሬ በአገራችን ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት እንክብሉ በየስድስት ወሩ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት ይሰጣል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላሉት ሰማያዊው፣ ከዚያ በላይ ላሉት ቀዩ ነው። በየስድስት ወሩ የሆነው ጉበት ቪታሚኑን አጠራቅሞ ስለሚያቆይ ነው። መቼስ ያልደረሰው ልጅ አይጠፋም፤ ሩቅ ቀበሌ አለ፣ በክትባት ቀን ገበያ የሄደች እናት አለች። እኛ የምናስተምራቸው ልጆች ከዚህ ዕድሜ ያለፉ ናቸው፤ ቤታቸው ግን ታናናሾች አሏቸው። «ከመሸ በኋላ የሚደናቀፍ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያለው ማነው?» ብሎ ለመጠየቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። እጅ ያወጣ ልጅ ካለ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መንገር ነው። በተለይ ኩፍኝ የገባበት መንደር ከሆነ አይዋል አይደር፤ ኩፍኝ የቀረውን ቪታሚን አሟጦ ዓይን ያጠፋልና።

አደራ፣ እንክብሉን በራሳችን ማደል የለብንም። ሲበዛ መርዝ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ከፍተኛው መጠን ለፅንሱ አደገኛ ነው። ስለ ምግብ መናገር ግን ሥራችን ነው፦ የእናት ጡት፣ በተለይም እንገር የሚባለው የመጀመሪያው ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጉበት፤ ከአትክልትም ጎመን፣ ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንች። አትክልቱ ጠብ የተደረገ ዘይት ወይም ቅቤ ይፈልጋል፤ ያለ ቅባት ሰውነት ብዙውን አይቀበለውም።

ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። በ2013 በሰሜን ሕንድ በአንድ ሚሊዮን ሕፃናት ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ታትሞ የሞቱ ቅናሽ 4 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በአጋጣሚ ሊሆን የሚችል ልዩነት ነው። ዶክተር ሶመርና ባልደረቦቻቸው «እንክብሉ በእርግጥ ለሕፃናቱ ደርሷል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሌሎች ደግሞ ኩፍኝ በክትባት በቀነሰበትና ምግብ በተሻሻለበት ቦታ የእንክብሉ ጥቅም አብሮ ይቀንሳል፣ ገንዘቡ ለጎመንና ለእንቁላል ይዋል ይላሉ። እኔ በበኩሌ ሁለቱ ወገኖች የተለያዩ መንደሮችን እያሰቡ የሚናገሩ ይመስለኛል። ጎመኑ እስኪበቅል የሚጠብቅ ልጅም አለ፤ መጠበቅ የማይችልም አለ።

ዳፍንት ላይ ግን የተለያየ አስተያየት የለም። የታመመው ሕፃን በጤና ጣቢያ ተገቢውን መጠን ከወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማታ ማየት ይጀምራል።